ታንከሩ ላይ የተደፋ ጆሮ

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ያለው ኪራይ ቤቴ ደርሼ ሞተር ሳይክሌን ሳቆም የጋለ ብረትና የቤንዚን ሽታ ይመጣል፤ ከሽታው ጋር አባቴ ይመጣል።

ልጅ ሳለሁ እናቴ ምጥ ጸንቶባት ከምንኖርባት ከትክል ድንጋይ ከተማ ወደ ጎንደር በአምቡላንስ ወሰዷት። እኔና አባቴ በእሱ ሞተር ተከተልን። ቤንዚን ከከተማው ከጠፋ ሰንብቶ ስለነበር የያዝነው ታንከሩ ውስጥ የቀረችውን ብቻ ነው። አባቴ ቁልቁለት በደረስን ቁጥር ሞተሩን አጥፍቶ በፍሪ ይለቀዋል። ያኔ የምሰማው ነፋሱንና የአባቴን "እመ ብርሃን፣ አደራሽን" ነበር።

አንድ ረጅም ዳገት ጨርሰን ቆምን።

"እግርሽን ከማርሚታው አርቂ፣ ግሏል" አለኝ።

ሞተሩን አጥፍቶ ግራና ቀኝ ወዘወዘው፤ ጆሮውን ታንከሩ ላይ ደፍቶ የቤንዚኑን ድምፅ አዳመጠ። እኔም ጠጋ ብዬ አዳመጥኩ። የሚንቦጫቦጭ ነገር አልሰማሁም።

"ይበቃናል" አለ ቀና ብሎ።

"ምነው ታዲያ እጅህ ይንቀጠቀጣል?"

"የሞተሩ ንዝረት ነው።"

ሞተሩ ግን ጠፍቷል።

እንደምንም ደረስን፤ እናቴም ወንድሜን በሰላም ተገላገለች። እኔ ግን ዛሬም ሞተር ባጠፋሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው እጄን ነው።