አለቃ የሌለው መንጋ

አጎቴ ዓረብ አገር፣ ባይሽ ውስጥ የሰው ማሽላ ከወፍ ይጠብቁ ነበር። እኔ ከወሎ የመጣሁት ወረቀት የሌለው ሁሉ ከአገር ይውጣ በተባለበት ዓመት ነው። ማማው ላይ በወጣሁበት የመጀመሪያ ጠዋት ወፎቹ እንደ ጭስ ተጠቅልለው መጡ። ከፊት የምትበረው መሪያቸው መስላኝ በወንጭፍ ወረወርኩባት። መንጋው እጥፍ አለና ኋላ የነበረችው ፊት ሆነች። አጎቴ ሳቁብኝ።

«የምን አለቃ ትፈልጋለህ? አለቃ የላቸውም እኮ። እያንዳንዷ አጠገቧ ያለችውን አይታ ነው የምትዞረው። ኸላስ፣ ሌላ ምስጢር የለውም።»

እሳቸው ወንጭፉን እያሽከረከሩ ሳይለቁት ይቆዩ ነበር። መንጋው ሰማዩ ላይ ሲለጠጥ፣ ሲሰበሰብ፣ እንደ ውሃ ሲተኛ ያያሉ። «ከፊል» የምንለው አሠሪያችን፣ የእርሻው ባለቤት፣ «ያላ! ማሽላዬ አለቀ!» ብሎ ከታች ሲጮህ ነው ድንጋዩ የሚለቀቀው።

አጎቴን ትኩሳት በሦስት ቀን ወሰዳቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። በሰው አገር እንዴት እንደምቀብራቸው ጨንቆኝ ለጎረቤት እርሻ እረኛ ብቻ ነገርኩት። እሱም አጠገቡ ላለው ነገረ። ከቀትር በፊት ከሩቅ ከሳምጣ ሳይቀር ሰው መጣ፤ ብዙዎቹ ፖሊስ ሸሽተው በጫካ የሚያድሩ ነበሩ። አንዱ ሲቆፍር ሌላው ውሃ ቀዳ፣ ሌላው ከፈን ይዞ ደረሰ። ያዘዘ ሰው አልነበረም። ለሶላት ስንሰለፍ ትከሻችን ገጠመ።

ዛሬ ጠዋት ወፎቹ ተመልሰው መጡ። ወንጭፉን አሽከረከርኩና፣ መቼ እንደምለቀው ለማወቅ እንደ ልማዴ አጎቴ ይቆሙበት ወደነበረው ጎን ዞርኩ።

ድንጋዩ እስካሁን ወንጭፉ ውስጥ ነው።