ቁልፍ ለጃንጥላ የለቀቀ ጊዜ

ሰፈሩ ሁሉ «ሞንታርቦ» የሚለው ሰውዬ በአሮጌ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ድምፅ ማጉያ አስሮ የሚዞር አስተዋዋቂ ነው። ፍራሽ ሻጩም፣ አዲስ የተከፈተው ክሊኒክም ይቀጥሩታል። በምርጫ ሰሞን ግን አፉ የምርጫ ምልክቱ ቁልፍ የሆነው ተቃዋሚ ፓርቲ ነው። ለቁልፍ ታስሯል፣ ለቁልፍ ተደብድቧል፤ ከሚስቱ ታናሽ እህት ጋር እንኳ በቁልፍ ሰበብ ተኳርፏል። እሷ አዋላጅ ናት፣ የሌላው ተቃዋሚ የጃንጥላ ፓርቲ ሰው። ባለፈው ምርጫ በማይክ «ጃንጥላ በአንድ ንፋስ ይገለበጣል!» ብሎ ሰፈሩን አስቆባታል።

ዘንድሮ ተቃዋሚዎቹ ከስንት ንትርክ በኋላ ልብ ገዙ። ተነጣጥለን እየተወዳደርን ገዢውን ፓርቲ ዕድሜ ልኩን ወንበር ላይ ከምናቆየው ብለው ተባበሩ። በዚህ ወረዳ ቁልፍ ለጃንጥላ ለቀቀ፤ አዋላጇ እጩ ሆነች። ችግሩ፣ የድምፅ መስጫው ወረቀት ቀድሞ ታትሟል፤ የቁልፉም ሥዕል እዚያው አለ። ስለዚህ ለቁልፍ ደጋፊዎች በቃል መንገር የግድ ሆነ። ከሞንታርቦ ሌላ ማን ይንገር?

«ጋሼ፣ ያለፈው አልፏል» አለችው አዋላጇ። «የላይኛው ሰፈር ሰው የሚሰማው አንተን ነው። አደራህን።»

«አታስቢ፣ ለኔ ተይው» አላት። ከልቡ ነበር።

ላይኛው ሰፈር ሲደርስ ግን አሮጊት ሽማግሌው ሳይቀር የቤቱን ቁልፍ እያንቃጨለ በር ላይ ወጣ። «ቁልፋችን መጣ!» ብለው አጨበጨቡለት። ጭብጨባ ክፉ ነገር ነው። ማይኩን ከፈተ፤ «ጃንጥላ» የምትለዋ ቃል ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረች። በእነዚህ ሰዎች ፊት ቁልፍን ተዉት ማለት ራሱን ማዋረድ መሰለው። «የምትመርጡትን ታውቁታላችሁ!» አለና ሙዚቃውን ለቀቀው። ነገ እነግራቸዋለሁ ብሎ ራሱን ሸነገለ። ነገም ያው ሆነ።

ውጤቱ ሲለጠፍ ገዢው ፓርቲ በጥቂት ድምፅ አሸንፏል። ለቁልፍ የፈሰሰው ድምፅ ወደ ጃንጥላ ቢሄድ ኖሮ አዋላጇ ምክር ቤት ገብታ ነበር። ሞንታርቦን ሰሌዳው ፊት እንደቆመ ጸጸት አንገበገበው።

በማግስቱ አዋላጇ እህቷ ቤት መጣች፤ ዓይኗ አብጧል። «በማይክ ተነግሯቸው እንዴት እንዲህ ያደርጋሉ? ድምፃቸውን ሸጠው ነው እንጂ!» አለች። ሞንታርቦ ምሳው ላይ አቀረቀረ።

በሩ ተንኳኳ። አንዲት የላይኛው ሰፈር አሮጊት በምርኩዝ ገቡ።

«ልጄ፣ ሁላችንም ቁልፋችንን አልለቀቅንም። እኔ እንኳ ጉልበቴ እምቢ ቢለኝ በሰው ተደግፌ ሄድኩልህ። አላሳፈርንህም አይደል?»

አዋላጇ ቀና ብላ አየችው። ገባት። ከዚያ ተነስታ አሮጊቷን ደግፋ አስቀመጠቻቸው።

«አላሳፈራችሁንም፣ እማማ» አለች።

ቢሰደብ ይሻለው ነበር። ይህን ግን አልቻለም።

«እማማ፣ ቁልፍ እኮ ለቆ ነበር» አለ። «ጃንጥላን ምረጡ ልላችሁ ነበር የመጣሁት። ጭብጨባችሁ ጣመኝና ሳልነግራችሁ ቀረሁ።»

አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ወደ እሱ ቀሰሩ።

«ታዲያ ያን ሁሉ መንገድ በሰው ተደግፌ የሄድኩት» አሉት፣ «ገዢዎቹን ላስመርጥ ነው?»