አሥራ አራት ሜትር ለሚካኤል

የሺዓለም ዶሮ ማነቂያ ተወልዳ፣ ዶሮ ማነቂያ አግብታ፣ እዚያው የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላት ሴት ናት። ሰው ገና በር ላይ ሲቆም የትከሻውን ስፋት ትናገራለች፤ ሜትሩ አንገቷ ላይ የሚንጠለጠለው ለወግ ነው። በዓይን ልኬት የተሳሳተችው በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ሲሆን፣ እሱም በቅዱስ ሚካኤል ላይ ነው።

ነገሩ የጀመረው በባሏ ስቅታ ነው። አማኑ ፒያሳ ወርቅ ቤት የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው። በ2012 ክረምት አንድ ማክሰኞ ምሳ ላይ ስቅታ ያዘውና አሥራ አንድ ቀን አልለቀው አለ። ውኃ ጠጣ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ ሐኪም ቤት ሄደ። ጎረቤታቸው ሲራጅ፣ ኢሱዙ የሚነዳው የወሎ ሰው፣ መድኃኒቱ ድንጋጤ ነው ብሎ ከበር ጀርባ እየተደበቀ ሦስት ጊዜ ጮኸበት፤ በሦስተኛው የሺዓለም ደንግጣ ጣቷን በመርፌ ወጋች። ወርቅ ቤት ደግሞ የሙሽራ ቀለበት ሲበይድ ስቅ አለውና ቀለበቱ የጆሮ ቅርጽ ያዘ። አሠሪው እስኪሻልህ ቤትህ ተቀመጥ አለው።

በአሥራ አንደኛው ቀን የሺዓለም ቀና ስትል ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየች። ትግራይ ውስጥ፣ ገደል ላይ፣ ከአለት የተፈለፈለ የሚካኤል ቤተክርስቲያን ፎቶ አለበት። ቆማ ተሳለች። ይህን ስቅታ ካቆምክልኝ ወለልህን ከበር እስከ መቅደስ ምንጣፍ አለብስልሃለሁ አለች። አማኑ አፉን ከፍቶ ቀጣዩን ስቅታ ጠበቀ። አልመጣም።

ፎቶው ላይ መጠኑን የሚያሳይ ሰው አልነበረም። የሺዓለም ዓምዶቹን አየት አድርጋ የፒያሳውን ጊዮርጊስ ያህላል ብላ ገመተች፤ ርዝመቱ አሥራ አራት ሜትር፣ ስፋቱ ሦስት የሆነ ቀይ ምንጣፍ ገዛች። ልትወስደው ስትዘጋጅ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ተነሣ፤ መንገዱም ተዘጋ።

ምንጣፉ ተጠቅልሎ አብሯቸው መኖር ጀመረ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ደርሶ ቤቱን ለሁለት ከፈለው። የስለት ስለሆነ አይረገጥም፣ አይቀመጡበትም፤ አማኑ አልጋው ጋ ለመድረስ በዚያ ዕድሜው መዝለል ተማረ። ሲራጅ ጥቅሉን ባየ ቁጥር፣ ይሄ ሰውዬ ይህን ያህል ከኖረ የቀበሌ መታወቂያ ይውጣለት ይላል። የሺዓለም ግን አትስቅም። ስለቱ ከዘገየ ስቅታው ይመለሳል ብላ ስለምትሠጋ ቃሪያ ከቤት ጠፋ፤ አማኑ ትንሽ በኃይል ከተነፈሰ መርፌዋን ታቆማለች። የጥንት ቤተክርስቲያንና መስጊድ በከባድ መሣሪያ ተመታ የሚል ወሬ ስትሰማ ደግሞ፣ ወለሉስ ተርፎ ይሆን እያለች ታለቅስ ነበር።

መንገዱ ሲከፈት የዚያው ቤተክርስቲያን አገልጋይ ቄስ አታክልቲ የተሰበረውን መዝጊያ የሚያሠሩበት ዕርዳታ ፍለጋ አዲስ አበባ መጡ። የሺዓለም ጊዮርጊስ ደጅ አገኘቻቸውና እየጎተተች ያህል ቤቷ አመጣቻቸው። ቄሱ ጥቅሉን አይተው የየትኛው ካቴድራል ነው ብለው ጠየቁ። የእናንተው ሲባሉ የበሩን መቃን ይዘው ሳቁ።

«ልጄ፣ የኛ ሚካኤል ይቺን ቤትሽን ነው የሚያህለው። ርዝመቱ ቢበዛ አራት ሜትር ነው። ገደሉንም ሰው በእጁና በእግሩ እየቧጠጠ ነው የሚወጣው። ይሄን ተሸክሞ የሚወጣ መልአኩ ራሱ ብቻ ነው።»

ከዚያ ሳቃቸውን ትተው፣ መሣሪያው አለቱን ከውጭ እንደሰነጠቀው፣ ጣሪያው ላይ ከተሣሉት ሐዋርያት የአንዱ እግር እንደረገፈ፣ ወለሉ ግን ደኅና እንደሆነ ነገሯት። የሺዓለምን የያዛት ሌላ ጭንቀት ነበር።

«አባ፣ ስለት ይቆረጣል?»

«ስትሳዪ ምን አልሽ?»

«ከበር እስከ መቅደስ።»

«ሜትር ጠርተሻል?»

«አልጠራሁም።»

«እንግዲያ ቁረጪ።»

ምንጣፉ በአማኑና በሲራጅ ትከሻ ግቢ ወጥቶ ላስቲክ ላይ ተዘረጋ። የሺዓለም አራት ሜትር ለክታ መቀሷን አነሣች። ቄሱም ሲራጅም መቀሱን ትተው የአማኑን ጉሮሮ ያያሉ። ሁለት ጣት ያህል እንደቆረጠች አማኑን ስቅ አለው።

የሺዓለም መቀሷን አስቀመጠች።

«አባ፣ እባክዎ እንደገና ያስቡት።»

ቄስ አታክልቲ ዓይናቸውን ጨፍነው ግቢው ውስጥ መራመድ ጀመሩ፤ በሐሳባቸው ቤተክርስቲያኑ ውስጥ ናቸው። ሁለት ጊዜ ተመላለሱና ዓይናቸውን ገለጡ። የበሩ ድንጋይ ውፍረት ብቻውን አንድ ሜትር ነው፣ ረስቼዋለሁ አሉ። እሷ ደግሞ ከበር ብላለች።

አምስት ሜትር ላይ ቆረጠች። አማኑ ትንፋሹን ይዞ ፊቱ ቀላ፤ ተንፍስ አሉት። ተነፈሰ። ምንም የለም። የሺዓለም የመጀመሪያውን ቅድ እዚያው ቁጭ ብላ ሰፋችው።

የተረፈው ዘጠኝ ሜትር ነው። ቄሱ፣ በአቅራቢያው ባሉት ገደሎች ላይ ያሉት ገብርኤልና ማርያምም ባዶ ድንጋይ ላይ እንደሆኑ ተናገሩ፤ ሲራጅ ሁሉንም በኢሱዙው እንደሚያደርስ ቃል ገባ። የሺዓለም ግራ ገባት።

«እነሱን እኮ ምንም አልጠየቅኳቸውም።»

«አሁን ጠይቂያቸዋ» አሉ ቄሱ።

አሰበች። አማኑን ከራሱ እስከ እግሩ ቀስ ብላ አየችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ቤቱ ግድግዳ አዙራ ለረጅም ጊዜ አንሾካሾከች።

አማኑ ምን እንደጠየቀች እንድትነግረው እስከ ዛሬ ይለምናታል፤ እሷ እምቢ ትላለች። ጠዋት ጠዋት ወደ ወርቅ ቤት ከመሄዱ በፊት መስታወት ፊት ቆሞ፣ ከላዩ ላይ የጎደለ ወይም የተለወጠ ነገር መኖሩን ይፈትሻል።