ያልተገለጠው ገጽ

ልብስ ሰፊው ሱሪ አሳጥርልኝ የሚለውን ሁሉ የማን ሱሪ እንደሆነ ሳይጠይቅ የማይቀበል ሰው ነው። ስለዚህ አንዲት ወጣት እሱ ከሚማርበት የጎልማሶች እንግሊዝኛ ንባብ ክፍል ኋላ ወንበር ስባ ስትቀመጥ ወዲያው አልወደዳትም። መጽሐፍ አልያዘችም፤ ዝም ብላ የሰው ጣት ታያለች። መምህሩ ትምህርቱን ልትታዘብ እንደመጣች ብቻ ተናግሮ አለፈ። ጎኑ የተቀመጠችው ዳቦ ጋጋሪም ገና መምህርነት የምትለማመድ ልጅ ናት አለችው። አልተዋጠለትም። በእሱ ግምት፣ ጎበዞቹ ከሚማሩበት ከዚህ ከላይኛው ክፍል ማን ወደ ታችኛው እንደሚወርድ ልትለይ ነው የመጣችው።

እሱ ደግሞ ከሚወርድ ሞቱን ይመርጣል። ታች ሚስቱ አለች። ስትመዘገብ፣ ለእሷ ታችኛው ይበቃታል ብሎ ያስገባት ራሱ ነው።

ተራው ሲደርስ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። ንባቡ ጀልባው ስለጠፋበት ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ አንድም ቃል አልሳተም። ጣቱ በመስመሮቹ ላይ እየተንሸራተተች ገጹ ግርጌ ደርሳ ቆመች። አፉ ግን አልቆመም። ዓሣ አጥማጁ ጀልባውን አገኘ፣ ቤቱ ገባ፣ እራቱን በላ፤ ገጹ ገና አልተገለጠም። ዳቦ ጋጋሪዋ በክርኗ ጎሸም ብታደርገው አላወቀላትም። ቀና ሲል ሁሉም ወደ እሱ ዞረዋል። ወጣቷ ከኋላ ተነስታ መጣችና ቀስ አድርጋ ገጹን ገለጠችለት።

ሲወጡ በር ላይ ጠበቀችው።

«አባባ፣ ቤት ማን ነው የሚያነብልዎት?»

«አንቺን ማን ነው የላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም። አነባበብዎ ስላማረኝ ነው።»

ልብስ ሰፊው ዙሪያውን ቃኘ። ቤት እሱ የስፌት መኪናው ላይ ሲያጎነብስ ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ይህንኑ የእሱን መጽሐፍ ጮክ ብላ ታነባለች፤ እሱ በጆሮው ይለቅማል። ሊዋሽ አስቦ ነበር፤ ልጅቷ ግን ዓይኗን አልነቀለችም።

«ባለቤቴ ናት። ታችኛው ክፍል ናት።»

«እሷ እዚያ ምን ትሠራለች ታዲያ?»

መጽሐፉን ብብቱ ስር ሸጎጦ ደረጃውን ወረደ።

በሳምንቱ መምህሩ ሚስቱን ወደ ላይኛው፣ እሱን ወደ ታችኛው ክፍል አዛወረ። ደረጃው ላይ ሲለያዩ መነጽሩን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው።

«እስካሁን ለመርፌ ብቻ ነበር የምታደርገው። እዚያ ያስፈልግሃል።»

ተቀበላት፤ አልሄደም ግን። «ስሚ እስቲ፣ ያቺን ልጅ ከዚህ በፊት ታውቂያታለሽ?»

«ደግሞ ጀመረህ» ብላ እየሳቀች ወጣች። ሳቋ ከላይ እስኪጠፋ ቆሞ አዳመጠ። አሁንም አልተዋጠለትም።