ካፒቴን ታጁ እና የዓባይ አሸዋ

ሀርጌሳ ውስጥ ታጁን በስሙ ብቻ ብትጠይቁ የሚያሳያችሁ አታገኙም። «ካፒቴን ታጁ» ካላችሁ ግን የሰፈራችን የዳሚ ፍየሎች እንኳ ቤቱን ይጠቁሟችኋል። ካፒቴኑ መርከብ የለውም። ያለው አንድ ያረጀ ገልባጭ መኪና ነው። ሥራው ከተማዋን ለሁለት ከሚከፍለው ደረቅ ወንዝ አሸዋ እየዛቀ ለግንበኞች ማቅረብ ነው። ወንዛችን በዓመት ጥቂት ቀን ውሃ ይመጣበታል፤ የመጣ ቀን ደግሞ መኪና ይዞ ይሄዳል። በቀረው ጊዜ ባጃጅ ይሻገርበታል፣ ኳስ ይጫወቱበታል፣ ታጁ ይዝቅበታል።

«እንዲህ ያለ ወንዝ ባለበት አገር ካፒቴንነት ከየት መጣ?» ትሉ ይሆናል። ከወጃሌ ነው የመጣው። እኛ ከኢትዮጵያ የመጣን ሰዎች የድንበሯን ከተማ ወጃሌን ስንሻገር ሻንጣ እንቀንስና ማዕረግ እንጨምራለን። ወዲያ ማዶ ተላላኪ የነበረው ወዲህ ሲደርስ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው። ሲሚንቶ ተሸካሚው መሐንዲስ ነው። ማን ሄዶ ያጣራል? ታጁ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሻይ ቤት ገብቶ ሲቀመጥ ጥሩ ጥሩው ማዕረግ ተይዞ አልቆ ነበር። ዙሪያውን ቃኘና ጋምቤላን የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ሲያረጋግጥ፣ «እኔ ባሮ ወንዝ ላይ የጀልባ ካፒቴን ነበርኩ» አለ። በቃ፣ ተሾመ።

እውነቱን ለመናገር ታጁ የባቲ ልጅ ነው። ሥራውም በባቲ ገበያ ደላላው ዋጋ ተከራክሮ እስኪጨርስ ድረስ የፍየሎቹን ገመድ መያዝ ነበር።

ነገሩ እዚያው ሻይ ቤት ቢቀር ደግ ነበር። ግን በዓመቱ አዚዛን አገባ። አዚዛ የከሚሴ ልጅ ናት፤ እጇ የጣፈጠ፣ ምላሷ ደግሞ ከእጇ የፈጠነ። «ስንት ጠያቂ እያለኝ ካፒቴን ነው ብዬ አገባሁት» ስትል በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ታጁም እውነቱን ለመንገር ምቹ ቀን ሲጠብቅ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ቀኑ አልመጣም። የመጡት ሐጂ አቦኮር ናቸው።

ሐጂ አቦኮር የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ናቸው፤ የታጁ አሸዋ የሚራገፈው እሳቸው በር ላይ ነው። የሀርጌሳ ሰው ይሁኑ እንጂ ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛው ላይ እኛን ያስንቁናል። ሐኪም «እረፍት ያስፈልግዎታል» ቢላቸው፣ ግብፅ ውስጥ ከአስዋን እስከ ቄና በዓባይ የምትወርድ ትንሽ ጀልባ ለብቻቸው ሊከራዩ ቆረጡ። ዘጠኝ ቀን ውሃ ላይ።

«ጀልባዋ ከነረይሱ ነው የምትከራየው» አሉት ታጁን፤ ረይስ የሚሉት ነጂውን ነው። «እኔ ግን የማላውቀው ሰው ያበሰለውን አልበላም፤ አዚዛ ትምጣ። የማላውቀው ሰው ለሚነዳውም ነፍሴን አልሰጥም። አንተ አጠገቡ ቆመህ ትቆጣጠርልኛለህ።»

«ሐጂ፣ አሸዋው እኮ...»

«አቦ ተው! አሸዋ የት ይሄዳል?»

አዚዛ በደስታ ሰፈሩን አዳረሰችው። «አልሐምዱሊላህ፣ የባሌን ሥራ በዓይኔ ላየው ነው!» ታጁ በዚያች ሳምንት ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ገባ። አየር ማረፊያ ስንሸኛቸው ሁሉም «ካፒቴን፣ በሰላም ግባ!» ሲለው፣ ፊቱ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ሰው ይመስል ነበር።

ከዚህ ወዲያ ያለውን ያወሩኝ ሦስቱም ናቸው። የተጣላውን አስታርቄያለሁ፤ የጎደለውን ትንሽ ብቻ ሞልቻለሁ።

ጀልባዋ ሁለት ገልባጭ ተከታትሎ ቢቆም የምታህል ናት። ሁለት መኝታ፣ አዚዛ በጎኗ ካልሆነ የማትዞርበት ኩሽና፣ ከላይ ደግሞ ሸራ የተወጠረበት ሰገነት አላት። ረይሱ ጀለቢያ የለበሱ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ወንድማቸው ደግሞ ሞተሩን ይጠብቃል፤ ከሞተር ውጭ ሌላ ነገር መኖሩን የሚያውቅ አይመስልም።

አራት ቀን ጀነት ነበር። በዳርና ዳር የሸንኮራ እርሻ፣ የተምር ዛፍ፣ ዓሣ ለማስደንገጥ ውሃውን በዱላ የሚደበድቡ አጥማጆች። ሐጂ አቦኮር ጥላ ሥር ተቀምጠው ሩዛቸውን በሙዝ እየጎረሱ ያዩትን ሁሉ ሰላም ይላሉ። ታጁ ረይሱ አጠገብ ቆሞ በየሰዓቱ አንድ ጊዜ ራሱን ይነቀንቃል። «ማሻአላህ» ይላል። ረይሱ «ሹክረን» ይላሉ። ቁጥጥሩ ይኸው ነው። አዚዛ ደግሞ ባሏን መሪው አጠገብ እያስቆመች ፎቶ ታነሳለች፣ ወደ ዳሚ ትልካለች። እኔም ደርሶኛል፤ ፈገግታው ጥርስ ሐኪም ቤት ያለ ሰው ፈገግታ ነው።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ረይሱን ትኩሳት ጣላቸው። ብርድ ልብስ ደራርበውላቸው እንኳ ይንቀጠቀጣሉ። ሐኪም የሚገኘው ኢስና ከተማ ነው፤ የግማሽ ቀን መንገድ።

ሐጂ አቦኮር ብዙም አልተጨነቁም። «የራሳችን ካፒቴን አለን አይደል? ታጁ፣ ያዝ!»

ታጁ አዚዛን አያት። አዚዛ ስልኳን ደግና እየጠበቀች ነው። መሪውን ያዘ።

እዚህ ላይ ነው ጥፋቱ። አሸዋ ዛቂ ሆኖ ቢይዘው ምንም አይሆንም ነበር፤ ካፒቴን ሆኖ ያዘው። ደረቱን ነፋ፣ አገጩን አነሳ፣ ፊልም ላይ እንዳያቸው ካፒቴኖች ዓይኑን ሩቅ ተከለ። ወንዙ ወደ ግራ ሲታጠፍ እሱም መንገድ ሊያሳጥር በግራው ዳር ቆረጠ። ጀልባዋ፣ ደክሟት የመጣች አሮጊት ፍራሽ ላይ እንደምትቀመጠው፣ ቀስ ብላ አሸዋ ላይ ቁጭ አለች።

«ካፒቴን፣ ለምን ቆምን?» አሉ ሐጂ።

ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባዋ አትነቃነቅም። ከታች የረይሱ ማቃሰት ይሰማል።

«እኔ ካፒቴን አይደለሁም» አለ ታጁ።

«ምን አልክ?» አለች አዚዛ።

«ባሮን በካርታ ነው የማውቀው። ባቲ ገበያ የፍየል ገመድ ያዥ ነበርኩ። ጀልባ ላይ ስወጣ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።»

ሞተረኛው አማርኛ አያውቅምና ሐጂን በዐረብኛ «ምን እያለ ነው?» አላቸው። «ለአንተ የሚጠቅም ነገር የለውም» አሉት። ወደ ታጁ ዞሩ። «አንተ፣ ይሄ ዛሬ ነው የሚነገረው?»

«ሐጂ፣ ካፒቴን አይደለሁም። ግን ከሥራችን ያለው ይሄ አሸዋ ነው፤ አሸዋ ደግሞ አውቃለሁ።»

ሱሪውን ጠቅልሎ ዘሎ ወረደ። አዚዛ ጮኸች፤ ውሃው ግን ከጉልበቱ አላለፈም። ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ ዘገነና በመዳፉ አሸት አሸት አደረገው።

«ደቃቅ ነው፤ ለልስን ነው የሚሆነው» አለ። «ልስን ያለበት ውሃው ይተኛል።» ወደ ወንዙ መሐል ጥቂት ራመድ ብሎ ደግሞ ዘገነ። «ይኸው ሻከረ።» አሁን ወገቡ ደርሷል። እንደገና ዘግኖ ከነጠጠሩ ከፍ አድርጎ አሳያቸው። «ይሄ የኮንክሪት ነው! ሐጂ፣ እርስዎ ሁልጊዜ የሚያስመጡኝ ዓይነት። ጠጠር የሚያንከባልል ውሃ ጉልበት አለው፤ ጉልበት ያለው ውሃ ጥልቅ ነው። መሄድ ያለብን በዚህ ነው።»

ነገሩ ለታጁ አዲስ አይደለም። እሱ የሚውልበት ወንዝ ሆዱን ገልጦ የሚተኛ ወንዝ ነው። ጎርፍ ሲታጠፍ የውጪውን ዳር ቦርቡሮ የውስጡን ዳር አሸዋ እንደሚጭነው፣ የቱ ጋ ልስን የቱ ጋ ኮንክሪት እንደሚተው፣ አሥራ ሁለት ዓመት በአካፋ አንብቦታል። ዓባይ ደግሞ ያው ወንዝ ነው፤ ውሃ ለብሶ ነው እንጂ።

ከረይሱና ከሞተረኛው በቀር ሁሉም ወረዱ። ሐጂ አቦኮር ሽርጣቸውን ታጥቀው «ቢስሚላህ!» እያሉ ገፉ። አዚዛም ገፋች፤ ባሏን ግን አላየችውም። ጀልባዋ ተነቀለች። ታጁ ከፊት ረጅም እንጨት ይዞ ቆመ፤ እየወጋ በእጁ ያመለክታል፣ ሞተረኛው መሪውን ያዞራል። በእያንዳንዱ መታጠፊያ የውጪውን ዳር እየያዙ ለዐስር ሶላት ኢስና ገቡ። ረይሱ መርፌ ተወጉ፤ በማግስቱ ተነሥተው ሾርባ ጠየቁ።

አዚዛ ግን ተዘጋች። ሁለት ቀን ሙሉ የታጁን ሳህን ታስቀምጣለች፣ ቃል አትተነፍስም። ሐጂ ሊያስታርቁ ቢሞክሩ «ሐጂ፣ ሩዝዎ እንዳይቀዘቅዝ» አለቻቸው። ታጁ ሌሊት እንቅልፍ፣ ቀን ምግብ እምቢ አለው። ብትፈታኝስ እያለ ሞተረኛውን በአማርኛ ያማክር ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ሽንኩርት እየከተፈች ፈነዳች።

«አንተ ሰውዬ! በየማታው አካፋህን ስታጥብ እያየሁ እንዴት እንደማዝን ታውቃለህ? ‹ስንት ሰው በውሃ ላይ ያሻገረ ካፒቴን ሀርጌሳ አዋርዳ አሸዋ አስዛቀችው› እያልኩ፣ ዞር ብዬ አለቅስ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት!»

«አፉ በይኝ አዚዛ...»

«ዝም በል፣ አልጨረስኩም! ለካ ከገመድ ነው የተነሣኸው። ከገመድ አካፋ፣ ከአካፋ ገልባጭ። አንተ ወጥተህ እኔ ወረደ ብዬ ሳለቅስ ኖርኩ! ያን ሁሉ እንባዬን ማን ነው የሚመልስልኝ?»

መልሱንም አልጠበቀችም፤ ስልኳን አንሥታ ከሚሴ እናቷ ዘንድ ደወለች። ድምፁን ከፍ ስላደረገችው ጀልባዋ ላይ ላለው ሁሉ ይሰማል።

«እማ፣ ታጁ ካፒቴን አልነበረም።»

«ምን ነበር ታዲያ?»

«የፍየል ገመድ ያዥ።»

«ገልባጩስ የማን ነው?»

«የራሱ ነው። ዝቆ ነው ያመጣው።»

«ታዲያ አንቺ ምን ሆነሽ ነው ከባሕር ማዶ የምትጮኺው? በይ ስጪኝ እሱን።»

ታጁ ስልኩን በሁለት እጁ ተቀበለ።

«ልጄ» አሉ አሮጊቷ፣ «እስከዛሬ ለዒድ ያልጠራሁህ ለካፒቴን የሚሆን አልጋ ስለሌለኝ ነው። መደብ ላይ ትተኛለህ አይደል?»

«እተኛለሁ እማ!» አለ ታጁ፤ ጮክ ከማለቱ የተነሣ ዳር ላይ ሸንኮራ የሚያጭዱት ገበሬዎች ቀና ብለው አዩት።