የአሮጊቷ አረማመድ

ሰው ቂመኛ ይለኛል። ቂም አልያዝኩም፤ የሆነውን አለመርሳቴ ብቻ ነው።

ልደታ ኮንዶሚኒየም ገና ሰው ሲገባበት፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ አንድ ጎልማሳ በሁለት ኮምፒውተር የአኒሜሽን ስቱዲዮ ከፈተ። በሩ ላይ «ዳይሬክተር» ብሎ ለጠፈ። መብራት ሲሄድ ሲመጣ አንደኛው ኮምፒውተር ተቃጠለ፤ በሳምንቱ ጽሑፉ «ዳይሬክተርና ዋና ሥራ አስኪያጅ» ሆነ። ሁለተኛውም ቢቃጠል ሚኒስትር ሳይሆን አይቀርም ነበር።

እኔ ዕድሜዬን በአንድ መሥሪያ ቤት ካርታ ስነድፍ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። መሳል እንደምችል ሰምቶ መጣና፣ ፊልሙ ስለ አንዲት ውሃ ቀጂ አሮጊት ነው አለኝ። ፊቷን፣ ነጠላዋን፣ የእጇን ደም ሥር ሳይቀር ሳልኩለት። የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፤ ፊልሙ ሲያልቅ ከሚወጡት ስሞች ጋር ስሜ እንዲጻፍ። መሥሪያ ቤት የነደፍኩት ሁሉ በአለቃዬ ስም ነበር የሚወጣው። ሳልሞት አንድ ቦታ ላይ ስሜን ማየት ፈለግሁ።

«እትዬ፣ የእርስዎማ ከእኔ ቀጥሎ ነው፤ ልደታን!» አለኝ።

ችግሩ፣ አሮጊቷ መራመድ አልሆነላትም። ኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ሰልፈኛ ወታደር ትረግጣለች። በዚያን ጊዜ ውሃ ወደ ላይ ስለማይወጣ ሁላችንም ከታች በጀሪካን እንቀዳ ነበር። ደረጃውን ስወጣ አየኝና ካሜራውን ይዞ መጣ። አሥራ አንድ ጊዜ አወጣኝ፣ አወረደኝ። ባዶ ጀሪካን ልያዝ ብዬ ብጠይቀው፣ ክብደቱ ካልታየ አይሆንም አለ። አነክሳለሁ፤ ለምን እንደማነክስ እዚህ አልጽፍም። እሱ ግን አንዲት እርምጃ ሳያስቀር ወሰደው።

ፊልሙ የተመረቀው ሰንጋ ተራ አካባቢ ባለ አዳራሽ ነው። የዕድራችን ሴቶች አጅበውኝ ሄዱ፤ ከኋላ ተቀመጥን። አሮጊቷ ጀሪካኗን ይዛ ብቅ ስትል እርስ በርስ ተጎሻሸሙ። በመጨረሻ ስሞቹ መውጣት ጀመሩ። ድርሰት፣ እሱ። ሥዕል፣ እሱ። እንቅስቃሴ፣ እሱ። ለስላሳ ያቀረበው ካፌ እንኳ ተመስግኗል። መብራቱ እስኪበራ ድረስ ጠበቅሁ። ስሜ የለም።

የክብር እንግዳው አረማመዱን አደነቁና እንዴት እንደሠራው ጠየቁት። የእናቶችን እርምጃ ዓመት ሙሉ አጥንቻለሁ አለ። እስቲ አሳየን አሉት። ኮቱን ቆለፈና መድረኩ ላይ አነከሰ። በቀኝ እግሩ።

የዕድራችን ሰብሳቢ አጠገቤ ነበረች። ድምፅ መቀነስ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም።

«በግራዋ ነው የምታነክሰው» አለች። «የአረማመዱ ባለቤት እዚህ ቁጭ ብላ እሱን ምን አስነከሰው?»

አዳራሹ በሙሉ ዞረ። የክብር እንግዳው፣ የአረማመዱ ባለቤት ማን ናት ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢያችን ተነሳች፤ በየወሩ ስብሰባ ላይ ከመዝገብ እንደምታነበው፣ ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ጠራችው።

ልማድ ሆኖብኝ ብድግ አልኩና «አለሁ» አልኩ።

ዋና ሥራ አስኪያጁ መድረኩ ላይ እግር ቀየረ።