የማክሰኞ ሦስት ሰዓት

ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ ለፓስተሬም አልተናዘዝኩም። እናንተ ስለማታውቁኝ ይቀለኛል ብዬ ነው የማወራችሁ። ደሳለኝን ለክፉ ሰዓት አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ደሳለኝ የሆሳዕና ልጅ፣ አብሮ አደጌ ነው። ጆሃንስበርግ አንድ ላይ ገባን፤ ኮዝሞ ሲቲ የሚባል ሰፈር አንድ ስፓዛ፣ ማለት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ከፈትን፤ ቀጥሎ ዲፕስሉት የሚባል ሰፈር ሁለተኛውን። ዕቃ የምናመጣው ከአንዲት ህንዳዊት አሮጊት ነበር፤ አንቲ እንላቸዋለን። አንቲ ሂንዱ ናቸው። በየቀኑ ራሁ የሚባል ክፉ ኃይል የሚገዛው አንድ ሰዓት ተኩል አለ ይላሉ፤ በዚያ ሰዓት መንገድ አይጀምሩም፣ አዲስ ነገር አይነኩም። ሰዓቱ ከቀን ቀን ስለሚለያይ በቀን መቁጠሪያቸው ግርጌ በሰንጠረዥ ታትሟል። ለአዲስ ዓመት አንድ ሰጡኝ።

መጀመሪያ ስቄ ነበር። እኔ የኅብረታችን የጸሎት መሪ ነኝ፤ ስለ ጠንቋይና ስለ ኮከብ ቆጣሪ ስንቴ ቆሜ ገሥጫለሁ። ከዚያ አንድ ቀን መንገድ ላይ ዘረፉኝ። ቤት ገብቼ ሰንጠረዡን ሳይ የተዘረፍኩት በራሁ ሰዓት ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ የቀን መቁጠሪያውን ከፍሪጁ ጀርባ ሰቅዬ፣ ማንም ሳያይ እሱን እያየሁ መውጣት ጀመርኩ። በአፌ ኢየሱስ፣ በልቤ ራሁ። የእሁዱ ክፉ ሰዓት አምልኮ መሀል ላይ ሲወድቅብኝ እንኳ አፍሬ አልተውኩትም።

ያን ማክሰኞ ጠዋት ዲፕስሉት ዕቃ የማድረስ ተራው የእኔ ነበር። ሰንጠረዡ ከሦስት እስከ አራት ተኩል ይላል። መኪናው ተጭኖ ቆሟል፤ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

"ሆዴን አሞኛል፣ ዛሬ አንተ ሂድልኝ" አልኩት።

"አንተ ተኛ፤ እኔ አደርሰዋለሁ" አለና ቁልፉን ከእጄ ወሰደ።

አራት ተኩል እስኪያልፍ ቆይ ብለው ምን ነበረበት? ለምን ብሎ ይጠይቀኛላ። የጸሎት መሪው በህንድ ኮከብ ያምናል ይባላላ። ስሜን ከወንድሜ ነፍስ አስበለጥኩ። የማላምንበት ቢሆን ኖሮ ራሴ እሄድ ነበር። አምኛለሁ፤ አምኜ ላክሁት።

ሱቁ በር ላይ ዕቃ ሲያወርድ ሁለት ሰዎች ሽጉጥ ይዘው መጡ። ጥይቱ አከርካሪውን መታው። አልሞተም፤ ከወገቡ በታች ግን አይንቀሳቀስም። አሁን አገር ቤት እናቱ ጋ ነው ያለው።

ከወራት በኋላ ለአንቲ አንድ ነገር ብቻ ነገርኳቸው፤ ደሳለኝ የተመታው በራሁ ሰዓት መሆኑን። ሊያጽናኑኝ ፈልገው ይመስለኛል፣ "ማይ ሰን፣ የማክሰኞ ራሁ እኮ ስሪ ኦክሎክ፣ ከምሳ በኋላ ነው። ጠዋቱ ንጹሕ ነበር" አሉኝ።

ለካ የእሳቸውን ቁጥር በእኛ ሰዓት ነበር የማነበው። ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር በፈረንጅ ሰዓት አወራለሁ፤ ብቻዬን ስሆን ግን ሦስት ማለት ለእኔ ጠዋት ነው። እኔ የተዘረፍኩበትም ደህና ሰዓት ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ግማሹን ጥፋት ለሰዓቱ ሰጥቼ እተኛ ነበር። ሰዓቱ ንጹሕ ከነበረ ክፉው ማን ነው? ስለ ሰዓቱ ተሳስቻለሁ። ደሳለኝን ስልከው ግን ወደ ሞት የምልከው መስሎኝ ነበር፤ ይህንን ማንም አያቅልልኝ።

ደሳለኝ እሁድ እሁድ ይደውላል። ባለፈው፣ "አንተ ብትሄድ ኖሮ ልጆችህ ምን ይውጣቸው ነበር? ያን ቀን ሆድህን ያሳመመው ጌታ ነው" አለኝ።

"አሜን" አልኩት።